ኪሴ ውስጥ የሰነበተችው ቴርሞስታት

አባቴ መንጃ ፈቃዳቸውን የተነጠቁት ከሁለት ዊንተር በፊት ነው። ምክንያቱ ዓይናቸው ነበር። ሐኪሟ ላይ አልፈርድም፤ እኔም ብሆን አልሰጣቸውም። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ በደንብ የማያይ ሰው መሪ ሲይዝ ምን እንደሚሆን በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። አባቴ ዝም አሉ።

ዝምታቸው ደግሞ የኩርፊያ ቢሆን በወደድኩ፤ ኩርፊያ እንኳ ይለመናል። ምን ልሥራልዎት? "ያለውን።" ቴሌቪዥኑን ልዝጋው? "እንደፈለግሽ።" እኚህ ሰው እኮ አዲስ አበባ ጋራዥ በነበራቸው ጊዜ ከደንበኛ ጋር ተጣልተው ካቻቢቴ የወረወሩ ሰው ናቸው! እዚህ ቶሮንቶም መጥተው ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ ጡረታ እስኪወጡ በመካኒክነት ሲሠሩ አለቃቸውን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲሞግቱት ኖረዋል። ፍሌሚንግደን ፓርክ ያለው አፓርታማችን በረንዳው ወደ ሃይዌዩ ያያል። ድሮ እዚያ ቆመው "ያንን እዪው፣ ዘይት እየበላ ነው፣ ጭሱን አታዪም?" እያሉ የማያውቁትን ሰው ይሰድቡ ነበር። አሁን ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጣሉ።

እኛስ ብንሆን? ባሰብን እንጂ። እኔም፣ ወንድሜም፣ የወንድሜም ሚስት፣ አፋችን ላይ ያለው "እሺ አባባ" ብቻ ሆነ። ዛሬ ማክሰኞ ነው ካሉ፣ ሐሙስም ቢሆን ማክሰኞ ነው። መድኃኒቴን ወስጃለሁ ካሉ፣ እሺ አባባ ብለን ዞር ስንል ኪኒኑን እንቆጥራለን። ወንድሜ እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደ፣ ባንክ የሚሠራ፣ ልቡ ንጹሕ የሆነ ልጅ ነው፤ አንቱታው ላይ እየተደናቀፈም ቢሆን አማርኛ ለመናገር ይታገላል። "ስትረስ አታድርጊው፣ ማለቴ፣ አታድርጊያቸው" ይለኛል። እሱ ነው የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ያገኘላቸው፤ ነርስ ያለው፣ መስኮቱ ሰፊ፣ እንከን የማይወጣለት። ሲነግራቸው "እንደፈለጋችሁ" አሉት። እሱ ደስ አለው። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። እንደፈለጋችሁ እያለ እዚያ የገባ ሰው፣ እንደፈለጋችሁ እያለ ያልቃል ብዬ ነው የፈራሁት።

መኪናዋ የመጣችው በዚህ መሐል ነው።

አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ዲፖ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ስሪላንካዊ አለ፤ የመኪና በሽታ ያለበት ሰው ነው። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የመኪና መወዳደሪያ ቦታ ላይ አማተሮች ከጠዋት እስከ ማታ የሚነዱበት ውድድር እንዳለ ነገረኝ። ውድ መኪና ይዞ መምጣት ክልክል ነው፤ ርካሽና ያረጀ፣ ሰው የጣለው መሆን አለበት። ሹፌሮች እየተቀያየሩ ይነዳሉ። ጥያቄው ማን ፈጠነ ሳይሆን ማን ሳይበላሽ ዋለ ነው። "እንዴ!" አልኩት፣ "ይሄማ የእኛ ሥራ ነው!" እሱ፣ እኔና ሬክስዴል ጋራዥ ያለው የአጎቱ ልጅ ሆነን ቡድን ፈጠርን። መኪናዋን ያገኘናት ከእኛው ቢልዲንግ ምድር ቤት ነው፤ ሞተሯ ግሎ ውሃና ዘይቷ ከተደባለቀ በኋላ ባለቤቷ ትቷት አቧራ ለብሳ የቆመች ትንሽ የጃፓን መኪና። ባለቤቷ ውሰዱልኝ ብሎ ሊስመን ምንም አልቀረው።

አሁን የሚያስፈልገን ሞተሩን ከሞት የሚያስነሳ ሰው ነበር። አባቴን ጠየቅኳቸው። "እንደፈለጋችሁ" አሉኝ። እኔም ንድድ አለኝ። በማግስቱ መኪናዋን ጎትተን ወዳስገባንበት ጋራዥ ሄጄ የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ የእኛ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉትን፣ ራሴ ፈታሁት፤ በአንሶላ ጠቅልዬም ወደ ቤት አመጣሁት። ኤሌቬተር ውስጥ አንዲት ሴትዮ ሕፃን የታቀፍኩ መስሏት ፈገግ አለችልኝ። ኩሽና ገብቼ አባቴ ሻይ የሚጠጡበት ጠረጴዛ ላይ ዷ አድርጌ አስቀመጥኩትና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።

መጀመሪያ አላዩትም። ከዚያ ጣታቸው ብቻውን የሄደ ይመስል ጠርዙን ዳሰሰ፣ እየዳሰሰም ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"ይሄን ማነው የፈታው?"

"እኔ ነኝ።"

"በመዶሻ ነው እንዴ የፈታሽው? ጠርዙን ፈጭተሽዋል እኮ! እጅሽን ይቁረጠው! እኔ ነኝ እንዲህ ያስተማርኩሽ?"

ሽንኩርቱን ሰበብ አድርጌ እንባዬን ለቀቅኩት። ሁለት ዊንተር ሙሉ ማንንም ተቆጥተው አያውቁም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬክስዴል እወስዳቸው ጀመር። ዓይናቸው የተወውን ጣታቸው ተረክቦታል። ብረቱን በእጃቸው እያነበቡ እኔን ያዙኛል፤ ልጅ ሆኜ ባትሪ እየያዝኩ እንዳገለገልኳቸው፣ አሁን ደግሞ ዓይን ሆኜ አገለግላለሁ። የሚፈታውን ብሎን ሁሉ ካርቶን ላይ፣ ልክ ሞተሩ ላይ በነበረበት አቀማመጥ፣ በቀዳዳ በቀዳዳው ያስተክሉኛል። "ብሎንም እንደ ሰው ነው፤ ከለመደበት ቤት አታውጪው" ይላሉ። ባልደረባዬ በመጀመሪያው ሰሞን ሞተሩን ጉልበት እንጨምርለት እያለ አስቸገረ፤ የሆነ ዕቃ በስልኩ እያሳየ አላስቆም አላስቀምጥ አለን። አባቴ እኔን አስተርጓሚ አድርገው "ጉልበት ከፈለገ በሬ ይግዛ በይው" አሉኝ። ተረጎምኩለት። በሳቅ ሞተ፤ ከዚያ በኋላም ጉልበት የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

የአባቴ እምነት ቀላል ነበር። ሞተርን የሚገድለው ሙቀትና የዘይት እጥረት ነው፤ ሌላው ወሬ ነው። ስለዚህ ደህና የሆነውን አልነካንም። ፒስተኖቹ ደህና ነበሩ፣ ተመለሱ። የፒስተን ቀለበቶቹን፣ ዘንጉ የሚሽከረከርባቸውን ብሮንዚኖች፣ የቴስታታውን ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑን፣ የዘይትና የውሃ ፓምፑን፣ ላስቲክ የተባለውን ሁሉ ቀየርን። ቴስታታውን አስለክተን ዝንፍ ያለውን አስተካከልን። ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ሞተሩ እንዳይደርቅ፣ የዘይት መያዣው ውስጥ አባቴ ትንንሽ የብረት ክፍልፋዮች አስበየዱ። ራዲያተሩን ከትልቅ መኪና ወስደን አስገባን። በመጨረሻም የሞተሩን ፍጥነት የሚያሳየው ሰዓት ላይ ቀይ ቴፕ አስለጠፉኝና "ከዚህ ካለፋችሁ እኔ የለሁበትም" አሉ።

በዚህ መሐል ነው ቴርሞስታቷን አውጥተው ቆሻሻ ውስጥ የጣሏት።

ቴርሞስታት ማለት በውሃው መተላለፊያ ላይ የምትቀመጥ፣ የቡና ሲኒ አፍ የምታክል በር ናት። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዛ ትቆያለች፣ ሲሞቅ ትከፍተዋለች። አዲስ አበባ ያደገ መካኒክ ታዲያ ሞተር ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር እሷን አውጥቶ መወርወር ነው። መካኒኮቹም ምክንያት ነበራቸው፤ ስታረጅ ተዘግታ ትቀርና ሞተር ታቃጥላለች፣ አዲስ እንዳይገዛ መለዋወጫው የለም፣ አገሩ ደግሞ ሞተር የሚያቀዘቅዝ ብርድ አያውቅም። "ምን ታደርጋለች? ውሃው እንደ ልቡ ይሂድ!" እያሉ አባቴ ከስንቱ ታክሲ እንዳወጧት እግዜር ይቁጠረው።

የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ግን ሁለት ሥራ ነው ያላት። ስትከፈት በጀርባዋ ሌላ መንገድ ትዘጋለች፤ የጋለው ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ወደ ሞተሩ የሚገባበትን አቋራጭ። እሷ ከሌለች አቋራጩ እንደተከፈተ ይውላል፣ ብዙው ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ገበያ ለሚመላለስ ሰው ላይታወቅ ይችላል። ከጠዋት እስከ ማታ ለሚጋልብ ግን ሞተር ማቃጠያ ነው። ይህን ያወቅኩት ቧንቧዎቹን ሳጸዳ መንገዳቸውን በጣቴ ስከተል ነው። እሳቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ ከቆሻሻው አወጣኋትና ኪሴ ከተትኳት።

ማታውኑ ለወንድሜ ኮል አደረግኩ። ሞተሩ ከተቃጠለ አባባ ከእንግዲህ ለምንም አልሆንም ይላሉ፣ ስህተታቸውን ብነግራቸውም ያው ነው፣ ምን ላድርግ አልኩት። ወንድሜ አላመነታም። "ዝም ብለሽ ሳያይ መልሺው። በዚህ ዕድሜው ልታሸንፊው ነው? ሊቭ ሂም አሎን፣ ተይው።" ልክ መሰለኝ። ደግም መሰለኝ። ያንን ሳምንት ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ቴርሞስታቷ የዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ነበረች፤ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ጎኔን ትወጋኛለች።

ቅዳሜ ደረሰ። ምሳ በላንና አባቴ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። ነገሩን የነገርኩት ባልደረባዬ በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ አሁን ነው ማለቱ ነው። ቁልፉን ያዝኩ፤ ሁለት ብሎን ብቻ ነው የሚፈታው። ጎንበስ ስል አየኋቸው፤ ጥቁር ዘይት የነካው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል፤ አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል። ተኝተው ሳሉ እንደ ሌባ ሞተራቸውን ልከፍት! ደሜ ፈላ። በማን እንደተናደድኩ እንጃ፤ በራሴም፣ በወንድሜም፣ በእሳቸውም ይሆናል።

"አባባ!" አልኩ ጮክ ብዬ። "ይነሱ። ተሳስተዋል።"

ብድግ አሉ። "ምን አልሽ?"

"ቴርሞስታቷን ማውጣት አልነበረብዎትም። ይሄ ሞተር ያለ እሷ አይሆንለትም።"

"አንቺ ነሽ ሞተር የምታስተምሪኝ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ! ይሄ የአዲስ አበባ ታክሲ አይደለም!"

"እኔ ሞተር ስፈታ አንቺ አልተወለድሽም! ድሮም ምላስሽ ረጅም ነው!"

"ከማን ወርሼው!"

ጨርቃቸውን መሬት ላይ ወረወሩት። ባልደረባዬ አንድም ቃል ሳይገባው ግድግዳ ተለጥፎ ቆመ። አባቴ ኮታቸውን ደረቡና በሩን በርግደው ወጡ፤ መንገዱን ተሻግረው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሙ። ባልደረባዬ "ሂጂ፣ አምጪያቸው" አለኝ። እኔም ግትር ነኝ፤ አልሄድኩም። ግን ገደልኳቸው፣ አለቀ፣ ነገ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፣ በሚቀጥለው ወር ወደዚያ ንጹሕ ቤት ይሄዳሉ እያልኩ በመስኮቱ አያለሁ። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። አባቴ ለሹፌሩ እጃቸውን አወዛወዙለት፤ ሂድ ማለታቸው ነው። አውቶቡሱ ሄደ። እሳቸው ቀስ ብለው መንገዱን ተሻግረው ተመለሱ።

"ውሃ ሙይና አስነሺው" አሉኝ ኮታቸውን ሳያወልቁ። "እናያለን።"

አስነሳሁት። ከፍ ባለ ዙር ይዤ ረጅም ጊዜ ቆየሁ፤ የሙቀቱ ቀስት ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። አባቴ አንድ እጃቸውን ወደ አቋራጩ ቧንቧ ሰደዱና እሳት እንደነካው ሰው መለሱት። ሌላውን እጃቸውን ራዲያተሩ ታች ላይ አደረጉ፤ እዚያ ለብ ያለ ብቻ ነው። ራዲያተሩ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል ማለት ነው። አጥፊው አሉኝ። አጠፋሁት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"ካለፈው ቅዳሜ።"

በስህተታቸው የሚያዝኑ መስሎኝ ነበር። የተቆጡት በዚህኛው ነው። "ሳምንት ሙሉ? ሳምንት ሙሉ አውቀሽ፣ አንድ ማዕድ እየበላን ዝም አልሽኝ? አንቺም እንደነሱ? ዓይኔ ነው የደከመው፤ ጆሮዬ ይሰማል። እሺ አባባ፣ እሺ አባባ! ሞቻለሁ እንዴ? ክርክር የማይገጥሙት ሬሳን ነው!"

እጄን ኪሴ ከትቼ ቴርሞስታቷን አወጣሁና መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በጣታቸው ዞር ዞር አደረጓት፤ በጀርባዋ ያለችውን ሁለተኛ ክዳን አገኟት፤ ጫን አደረጓት። "አሃ" አሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠና "ይቺን ነው እንዴ ልትመልሺ የነበረው? ይቺኑ?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ከተቃጠለ ሞተር የወጣች እኮ ናት! በይ ውሃ አፍዪ።"

የጋራዡን የሻይ ማፍያ ጣድንና ከተትናት። ውሃው ተንተከተከ። አጎንብሼ አየሁ፤ ለአመል ያህል ስንጥቅ አለችና እዚያው ቆመች። አባቴ ከጎኔ ቆመው ይጠብቃሉ። "ተከፈተች?" አሉኝ። "ግማሽ" አልኩ። እንዴት ያለ ሳቅ እንደሳቁ! በድብቅ መልሻት ቢሆን ኖሮ መኪናዋን በአጭሩ ራሴው ነበርኩ የማቃጥላት። "ሞተር የምታስተምረኝ ልጅ መጣች!" እያሉ ለባልደረባዬ በአማርኛ ነገሩት፤ እሱም ሳይገባው አብሯቸው ሳቀ። አዲስ ቴርሞስታት ተገዛች፤ እሷንም ካላፈላን ብለው አፈላናት፣ እስከ መጨረሻው ተከፈተች። ራሳቸው አስገቧት።

የውድድሩ ቀን ወንድሜም መጣ። የሚያማምሩ መኪኖች ነበሩ፣ ድምፃቸው ጆሮ የሚበጥስ። እስከ ቀትር ድረስ ጥቂት የማይባሉት እየተጎተቱ ወጡ፤ አንዷ ከፊቴ ዘይቷን መንገዱ ላይ አፍስሳ ቆመች። የእኛዋ ከቀዩ ቴፕ ሳታልፍ እንደ አውቶቡስ ስትመላለስ ዋለች። እኛ ቤንዚን ለመቅዳት በቆምን ቁጥር አባቴ ዘይት ይታይ ይላሉ፣ እኔ አሁን አይተነዋል እላለሁ፣ ይታይ፣ አይታይም፣ ታየ፤ ደህና ነው። የመጨረሻውን ዙር የነዳሁት እኔ ነኝ። የሙቀቱ ቀስት ጠዋት የቆመበት ቦታ ላይ ነበር። ስንተኛ እንደወጣን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ጨርሰናል፣ ይበቃል።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከጎኔ ወንድሜ ከኋላ ተቀመጡ። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ሲደሰት የዋለ ልጅ ነው፤ ደስታው ውስጥ ሆኖ አነሳው።

"አባባ፣ ደክሞሃል፣ ማለቴ ደክሞዎታል። ያ ቤት ደወሉልኝ። ክፍሉ ሬዲ ሆኗል።"

"አልሄድም" አሉ አባቴ።

ወንድሜ እንደ ልማዱ "እሺ አባባ" አለ።

አባቴ ቀበቷቸው እስኪወጠር ድረስ ወደ ኋላ ዞሩ። "እሺ አትበለኝ! ለምን እንደማልሄድ ጠይቀኝ!"

በመስታወቱ ወንድሜን አየሁት። ወደ እኔ ተመለከተ፤ አላገዝኩትም።

"ለምን?" አለ። ከዚያ ድምፁ ሌላ ሆኖ፣ "ብትወድቅስ? ማታ እሷ ሺፍት ላይ ሆና ብትወድቅስ? እኔ እኮ እንቅልፍ አይወስደኝም!"

"ይኸውልህ!" አሉ አባቴ፣ "ይሄን ነበር መጠየቅ የነበረብህ!" እና ክርክሩ ተጀመረ። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ ሲጮህ ሌላው ሲያቋርጥ፣ ሃይዌዩን ሙሉ ቀጠሉ። እኔ መሪዬን ይዤ ነዳሁ። የፍሌሚንግደን መታጠፊያ ሲደርስ ገና አልጨረሱም ነበር፤ አልታጠፍኩም፣ አንድ መውጫ አልፌ ዞርኩ።